የሆድ ይፍጀው ጋን

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ከልክ በላይ በሚከባበርበት በዚያ ዘመን፣ ከሁለት ወንዞች መካከል አንዲት አገር ነበረች። ስሟን የሚያውቅ ዛሬ የለም። ሕዝቧም ቢሆን «አገራችሁ ማን ትባላለች?» ሲባል «እርስዎ ደስ ባለዎ ይጥሯት» ስለሚል፣ መንገደኛው ሁሉ የየራሱን ስም እያወጣላት ያልፍ ነበር።

በዚያች አገር ሕጉ አጭር ነው። ያየ ያድንቅ። የተደነቀበት ይስጥ። የሰጠ ለጋኑ ይንገር።

አንድ ሰው ጎረቤቱ ቤት ገብቶ ጥሩ በርጩማ ቢያይ «ይህ በርጩማ እንዴት ያምራል!» ማለት ግዴታው ነው፤ ዝም ካለ ቤቱን ንቋል። ባለቤቱም «እሺ፣ ይውሰዱት» ማለት ግዴታው ነው፤ ዝም ካለ እንግዳውን ንቋል። እንግዳው ደግሞ በርጩማውን ባይፈልገውም ተሸክሞት መሄድ አለበት፤ ትቶት ከሄደ ስጦታውን ንቋል። በዚህ ምክንያት የአገሩ በርጩማ ሁሉ ከቤት ቤት ሲዞር ይኖራል እንጂ፣ ማንም በገዛ በርጩማው ላይ ተቀምጦ አያውቅም።

ጋኑስ ቢሉ፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ በጓሮው አፈ ሰፊ ጋን አለው። «የሆድ ይፍጀው ጋን» ይባላል። እንግዳው በርጩማውን ታቅፎ ከአጥሩ እንደ ወጣ፣ ባለቤቱ ወደ ጓሮ ይዞርና ክዳኑን አንስቶ ጭንቅላቱን ያስገባል። «ያባቴን በርጩማ! ምነው ስትቀመጥበት እግሩ በተሰበረ!» ይላል። ከዚያ ክዳኑን ይገጥማል፤ ፊቱን ያብሳል፤ ፈገግ ብሎም ወደ ደጅ ይመለሳል። ስለዚህ በዚያች አገር እንደ ሸክላ ሠሪ የከበረ አልነበረም።

ያልተነገረ ነገር ይከብዳልና ጋኖቹ ከዓመት ዓመት እየከበዱ ይሄዳሉ። ሰው ሲሞት ጋኑ ሳይከፈት ከሬሳው ኋላ ተሸክመውት ይሄዱና ከጎኑ ይቀብሩታል። ምን እንዳለበት መጠየቅ ነውር ነው።

አናጢው አድማሱ የሞተ ዕለት፣ ሬሳውን የተሸከሙት ሰዎች ቀለል ብሏቸው ሲራመዱ ጋኑን የተሸከሙት ግን ያምጡ ነበር። ሚስቱ ጥሩወርቅ ከኋላ እየሄደች ዓይኗን ከጋኑ ላይ መንቀል አቃታት። «ከዚህ ሁሉ ውስጥ ስንቱ ስለ እኔ ይሆን?» አለች በልቧ። ካገባችው ጀምሮ አንድ ቀን «ይህን አልወድም» ሲላት ሰምታ አታውቅም።

አድማሱ የእሺታ ሰው ነበር። የአገሩን በርጩማ ሁሉ የጠረበ እሱ ነው፤ ቤቱ ግን አንድም አልቀረ። እራቱን በልቶ ሲጨርስ «እሺ፣ ጥሩ ነው» ይላል፤ ቀጥሎ አንድ ማሰሮ ውሃ ግጥም ያደርጋል። ጎረቤት «አድማሱ እንኳን ወንዝ ዳር ተወለደ፤ ቆላ ቢወለድ ምን ይውጠው ነበር!» እያለ ይስቅበት ነበር። በመጨረሻም አንድ ቀን ትኩሳት ይዞት ተኝቶ ሳለ ሰው መጣና «ጣሪያዬ ያፈሳል፤ ዛሬ ይመችሃል?» አለው። ዝናቡ ይወርዳል። አድማሱ ከመኝታው ተነስቶ «እሺ» አለ። ጣሪያው ተጠገነ፤ አድማሱ ግን ሳል ይዞ ወረደ፤ በዚያው ሄደ። የጣሪያው ባለቤት ለቅሶ ሲመጣ «እንዴት ያለ መልካም ሰው ነበር፤ አመመኝ እንኳ አላለኝም!» እያለ ደረቱን መታ።

ለቀስተኛው ይመጣል፤ ያለቅሳል፤ እንባውን ሲጠርግ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ያርፋል። «መስተዋቱ እንዴት ያምራል፣ ነፍስ ይማር!» «እሺ፣ ይውሰዱት።» «ይቺ ሰሃን እንዴት ታምራለች፣ እግዜር ያጥናሽ!» «እሺ፣ ይውሰዷት።» ባዶ እጁን የመጣ ሁሉ እጁን ሞልቶ ሄደ። ለቅሶው ሲያበቃ ጥሩወርቅ ዘንድ የቀረው ድስቷ፣ ማሰሮዋ፣ ድመቷና የአድማሱ ጋቢ ነው። ድስቱ ጠቁሯል፣ ማሰሮው ጆሮ የለውም፤ የሚያደንቃቸው አልተገኘም። ጋቢውን ግን ሌት ለብሳው ትተኛለች እንጂ ለሰው አታሳይም። የዝግባ ፍቅፋቂ፣ የአድማሱ ሽታ ነበረበት።

ጎረቤቷና አብሮ አደጓ ደብሪቱ አንድ ጠዋት እየሮጠች መጣች።

«አንቺ፣ ጋቢውን ደብቂው! አጋፋሪው ሰፈራችን ገብቷል!»

አጋፋሪ ድልነሳው የአገሩ የጋን ሹም ነው። በዘንጉ የጋኖቹን ክዳን መታ መታ እያደረገ አለመላላታቸውን ይመረምራል፤ ከየቤቱም አንድ አንድ ነገር በአገሩ አባት በአባ ነጋሽ ስም ያደንቃል።

«የት ልደብቀው?» አለች ጥሩወርቅ። «ለመደበቂያ የሚሆን ዕቃ የቀረልኝ መሰለሽ?»

«እንግዲያው ስጪውና ለጋንሽ ንገሪ። እኔ ላሜን የሰጠሁ ጊዜ ጎትተው ነው ከጋኑ ያወጡኝ።»

«ቀለለሽ ታዲያ?»

«ማን፣ እኔ? ላሚቱም ሄደች፣ ሰውየውንም ይኸው እስከ ዛሬ እንደ ጠላሁት አለሁ። እሱ ምኑን አውቆ! በየሰንበቱ አገላብጦ ስሞኝ ያልፋል።»

ደብሪቱ የራሷን ክዳን ልትፈትሽ ስትሄድ፣ ጥሩወርቅ ወደ ጓሮ ዞረች። ጋቢውን እንደ ለበሰች ጭንቅላቷን ጋኑ ውስጥ አስገባች። ልማዷ መራገም ነበር፤ ያን ጠዋት ግን የሚራገም ሰው ገና አልመጣም። ስለዚህ «ጋቢውን አልሰጥም» አለች፣ እንዲያው በደፈናው። ጋኑም በወፍራም ድምፁ «አልሰጥም» ብሎ መለሰላት። ጥሩወርቅ ቀና አለችና አሰበች። ቃሉ ከውጭ ሲሰማ ስድብ የለበትም፤ እንደ «ዛሬ ማክሰኞ ነው» ያለ ነገር ነው። ደግማ አለችው። ጋኑም ደገመው።

አጋፋሪው ደርሶ «ቤቶች!» ሲል ቃሉ ገና ከአፏ አልጠፋም ነበር።

ድልነሳው የአድማሱ ወዳጅ ነበር፤ በዚያ ቤት ብዙ እራት በልቷል። ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠና ቤቱን ቃኘ። ግድግዳው ባዶ ነው። አጋፋሪው ተጨነቀ፤ ሳያደንቅ መውጣት ክልክል ነው። መደቡን ዳበስ አደረገ፤ ከምድር የተጣበቀ ጭቃ ነው። «ድመቷ ታም...» ብሎ ሲጀምር ድመቷ የአገሩን ሕግ ታውቃለችና ተነስታ ወጣች። የቀረው ጥሩወርቅ ትከሻ ላይ ያለው ነበር።

«እመት ጥሩወርቅ» አለ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ጋቢው እንዴት ያምራል።»

ጥሩወርቅ ምላሷ ላይ «እሺ» መጥታ ቆመች። ዋጠቻት።

«አጋፋሪ፣ እውነትዎን ነው፣ ያምራል። ብርድ ከተሰማዎ እሳቱን ላቀጣጥለው። ጋቢውን ግን አልሰጥም።»

አጋፋሪው የቀረውን ንግግር ጠበቀ። አልመጣም።

«ግን... ምን?»

«ግን አልሰጥም። የአድማሱ ነው፤ ለብሼው እተኛለሁ።»

«ተቆጡ እንዴ?»

«አልተቆጣሁም።»

«ያምዎታል?»

«ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን።»

«እኔን ጠልተውኛል ማለት ነው?»

«ኧረ በስመ አብ! ተቀመጡ እንጂ፤ የባቄላ ንፍሮ ጥጃለሁ።»

ንፍሮው ቀረበ። አጋፋሪ ድልነሳው አንድ ፍሬ እየቆረጠመ አንድ ጊዜ ወደ እሷ፣ አንድ ጊዜ ወደ ጋቢው ያያል። ተከብሮ ተቀምጧል፤ የለመነውን ግን አላገኘም። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቤት ውስጥ ሲገናኙ አይቶ አያውቅም። ንፍሮውን ጨርሶ እጅ ነስቶ ወጣ፤ ክዳኗን መመርመር እንኳ ረሳ።

በማግስቱ ጥሩወርቅ ለሸንጎ ተጠራች። በዚያች አገር «እምቢ» ያለ ሰው ወደ እምቢታ ኮረብታ ይባረራል፤ ከዚያ ወዲያ «እንዴት አደርክ» የሚለው የለም። ደብሪቱ እስከ ሾላው ዛፍ ድረስ እያለቀሰች ሸኘቻት።

«አሁንም ስጪው! አንድ ጋቢ ነው እኮ! እኔ ብቻዬን ከማን ጋር ላወራ ነው?»

«ከጋንሽ ጋር» አለች ጥሩወርቅ።

«ሂጂ ወዲያ! በዚህ ሰዓት ትቀልዳለች እንዴ ይቺ ሴትዮ!» ደብሪቱ እያለቀሰች ሳቀች።

የአገሩ አባት አባ ነጋሽ ከሾላው ሥር ተቀምጠዋል። ቀኑ ሐሩር ነው፤ እሳቸው ግን ካባ በካባ ላይ ደርበዋል፤ ቆባቸውም በሌላ ቆብ ላይ ነው። ሁሉም ስጦታ ነው። አንዱን ቢያወልቁ የሰጠው ሰው ከፊት ተቀምጦ ያያቸዋል። ስለዚህ ላብ ከቅንድባቸው እየተንጠባጠበ ፈገግ ይላሉ።

«አጋፋሪ፣ ጠይቅ» አሉ።

አጋፋሪው ሕጉን በቃሉ ይዟል። «እምቢታ በምልክቱ ይታወቃል። እመት ጥሩወርቅ፣ ያን ጊዜ ቆመው ነበር?»

«ተቀምጬ ነበር።»

«ጮኸዋል?»

«እርስዎ ነበሩ፤ ጮኼ ነበር?»

አጋፋሪው አሰበ። «አልጮኹም» አለ፣ እያዘነ። «ጀርባዎን ሰጥተውኛል?»

«ንፍሮ ላወጣ ስነሳ፣ ለጥቂት።»

ሸንጎው አጉረመረመ። ይህ ይቆጠራል፣ አይቆጠርም በሚል ብዙ ተነጋገሩ፤ ንፍሮ የሚያወጣ ጀርባ የአክብሮት ጀርባ ነው ተባለ። በመጨረሻ ግራ ቢገባቸው «ዐዋቂ ይጠራ» ብለው በላቸውን ከእምቢታ ኮረብታ አስወረዱት።

በላቸው በጎልማሳነቱ ጎረቤቱ መጥረቢያውን ቢያደንቅበት፣ በመጥረቢያው እጀታ ያባረረው ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ እንደ ያዘ ኮረብታው ላይ ይኖራል፤ በርጩማ ሞልቶታል፣ የሚቀመጥበት ሰው የለውም። ከተባረረ ወዲህ ሰው ሲያናግረው የመጀመሪያው ስለ ነበር እየጮኸ መጣ።

«አንቺ ሴትዮ! ምን ብለሽ ነው የሰደብሽው?»

«አልሰደብኩም።»

«አባቱንስ?»

«አላነሳሁም፤ ነፍሳቸውን ይማር፣ ደግ ሰው ነበሩ።»

«በትር ይዘሽ ነበር?»

«ማማሰያ ነበር የያዝኩት፤ ድስቱን ላማስልበት።»

በላቸው ወደ አባ ነጋሽ ዞረ። «እኔ ዕድሜዬን በዚህ ሥራ የፈጀሁ ሰው ነኝ! ስድብ የሌለበት እምቢታ አላየሁም! ይህ እምቢታ አይደለም!»

«ስለዚህ እሺታ ነው?» አሉ አባ ነጋሽ፣ ተስፋ አድርገው።

«እሺታማ ቢሆን ጋቢው የታለ?»

አባ ነጋሽ ላባቸውን በካባቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ ጥሩወርቅ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ እስቲ እንዳልሽው አድርገሽ ለእኔ በይልኝ። ጋቢው... ያምራል።»

አሁን ነገሩ ከአጋፋሪው ጋር እንደ ነበረው አይደለም። የአገሩ አባት ናቸው፣ ሸንጎው ሙሉ ነው፣ ኮረብታው ከወዲያ ይታያል። ተነስታ እጅ ነሳች፤ ተመልሳ ተቀመጠች።

«አባቴ፣ ዳኝነትዎን አከብራለሁ። ወደ ኮረብታው ሂጂ ቢሉኝ እሄዳለሁ። ጋቢውን ግን በእሺታ አልሰጥዎትም። ባለቤቴ ስለ ሁሉም ነገር እሺ ይል ነበር፤ ሲሞት ምን ይወድ እንደ ነበር፣ ምን ይጠላ እንደ ነበር ሳላውቅ ቀበርኩት። ጋኑ ያውቃል፤ እኔ አላውቅም። የቀረኝ ይህ ነው። ቢወስዱብኝ ፈገግ ብዬ ጓሮ ገብቼ እረግምዎ ነበር። እንዳልረግምዎ ብዬ ነው ፊት ለፊት የምነግርዎ።»

ሰው ሁሉ አባ ነጋሽ ተቆጡ ብሎ ፈራ። እሳቸው ግን ቀስ ብለው አንድ ነገር ጠየቁ።

«በዚህ ድምፅ... ሌላም ነገር ማለት ይቻላል?»

«የፈለጉትን፣ አባቴ።»

አባ ነጋሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሸንጎውን አዩ፤ ካባ የሰጧቸውን አንድ በአንድ አዩ።

«ልጆቼ፣ ስለ ስጦታችሁ አመሰግናለሁ» አሉ። «ግን ይሞቀኛል።»

ከሾላው ላይ ወፍ ስትነሳ ተሰማ።

«ይሞቅዎታል?» አለ ከፊት የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ። «እኛ እኮ እየደረቡ ሲሄዱ ብርድ የሚጠናብዎ መስሎን ነው በየዓመቱ የምንጨምርልዎ!»

አባ ነጋሽ ካባዎቹን አንድ በአንድ ሲያወልቁ ከውስጥ አንድ ቀጭን፣ አጭር፣ ደስ ያለው ሽማግሌ ወጣ። ብዙዎቹ ሰዎች ያን ቀን ነው መልካቸውን ያዩት። ፍርዱንም ነፋስ እያገኛቸው እንዲህ ሲሉ ሰጡ፦

«ይህች ሴት ያደረገችው እሺታም እምቢታም አይደለም። ስም የለውም። ስም እስኪወጣለት ጋቢው ከባለቤቱ ዘንድ ይቆይ።»

የዚያች አገር ሰው ስም ማውጣቱን ለሌላ ሰው ስለሚተው፣ እስከ ዛሬ አልወጣለትም ይባላል።

በላቸው ሲበተኑ ጥሩወርቅን ተከተላት። «አንቺ ሴት...» ብሎ ጮኸና ራሱን ያዘ። ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ አለ። «እመት ጥሩወርቅ፣ ንፍሮው መቼ ነው የሚቀርበው? ከነገሩ በፊት ነው በኋላ?»

«እንደሚመችዎ፣ አቶ በላቸው። ዋናው መጉረሱ ነው፤ የጎረሰ አይጮኽም።»

አገሩ በአንድ ጀምበር ተለወጠ ብል ውሸት ይሆናል። ብዙው ሰው እንደ ለመደው ጋኑ ውስጥ አንገቱን እንደ ቀበረ ቀረ። ጥቂቱ ደግሞ ነገሩን ሳይገባው ጨለጠው፤ አንዷ ሰርግ ላይ ተቀምጣ ሙሽራዋን «አፍንጫሽ አላማረኝም፤ እንዳልረግምሽ ብዬ ነው» ብላ በአባ ነጋሽ ፊት ቀረበች። «እሱን ለጋን ትነግሪ ነበር» ተባለች። ደብሪቱ ግን አንድ ሰንበት ላሟን የወሰደባትን ሰውዬ ሲስማት ያዘችውና ሳትወድ እንደ ሰጠችው ነገረችው። ሰውየው ዓይኑ ፈጠጠ። «ያቺን ተራጋጭ ላም? ጥርሴን አወለቀችው እኮ! ስጦታ ሆነችብኝና ምን ብዬ ልመልሳት!» በማግስቱ ጎትቶ አመጣላት። ላሚቱ ስትገባ ደብሪቱንም ረገጠቻት፤ ጎረቤት ግን ሳቋን ሰማ።

ክረምቱ ሲወጣ አጋፋሪ ድልነሳው ወደ ጥሩወርቅ ቤት መጣ። አንድ በርጩማ ተሸክሟል።

«የአድማሱ ሥራ ነው» አለ አስቀምጦት። «እሱ በሕይወት ሳለ አድንቄ የወሰድኩበት። ቤቴ በርጩማ መተላለፊያ አሳጥቶኛል፤ ያን ቀንም ያደነቅሁት ወድጄ አልነበረም። ይህን ፊት ለፊት ልነግርዎ ብዬ ነው።»

«ነገሩኝ እኮ። ተቀመጡበት እንግዲህ፤ ምሳ ደርሷል።»

አጋፋሪው ተቀመጠ። በዚያ ቤት ሰው በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ከስንት ጊዜው ነው! የምስር ወጥ ቀረበ። አንድ ጎረሰ፤ ሁለተኛውን ጠቀለለና ከአፉ ሳይደርስ እጁ ቆመ። ፊቱ ቀላ።

«ምነው? አቃጠለዎ?»

«እመት ጥሩወርቅ፣ እጅዎ ይባረክ። ለክፋት አይደለም። አክባሪዎ ነኝ፤ ያውቃሉ።»

«ኧረ ይናገሩ፣ አስጨነቁኝ!»

«ጨው... በዝቷል።»

ጥሩወርቅ ደነገጠች። ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ይህን መስማት ከመናገር እንደሚከብድ ማንም አልነገራትም ነበር። «ይቅርታ፣ ዛሬ እጄ አመለጠኝ መሰለኝ» ልትል ጀመረችና ተወችው።

«ዛሬ ብቻ ነው?»

አጋፋሪው ጉርሻውን አየ፤ ጣሪያውን አየ። «ሁልጊዜ» አለ።

የጥሩወርቅ ዓይን ቀስ ብሎ ከምድጃው አጠገብ ወደ ተቀመጠችው፣ ጆሮ ወደ ሌላት ማሰሮ ሄደ። አድማሱ እራቱን ጨርሶ «እሺ፣ ጥሩ ነው» ሲል ታየት። ማሰሮዋን ሲያነሳ፣ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል፣ እስኪጨርስ ድረስ በአንድ ትንፋሽ። ማታ ማታ። ዕድሜውን ሙሉ።

መጀመሪያ የመጣው ሳቅ ነበር። አጋፋሪው አብሯት ሊስቅ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ አቆመ፤ እንባዋ በጉንጯ ላይ ይወርድ ነበርና። የጋቢውን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ፣

«አንተ ሰው» አለች፣ «ምናለበት አንድ ቀን እንኳ ብትነግረኝ!»

ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ማሰሮዋን ሞላችና አጋፋሪው ፊት አኖረችለት። ድስቷንም እንደ ገና ጣደች፤ ጨው ስትጨምር እያሳየችው፣ «ይብቃ?» እያለች እየጠየቀችው።

እኔም ከዚህ አቆምኩ። ጨው ከበዛበት፣ ከጋናችሁ በፊት ለእኔ ንገሩኝ።